መጀመሪያ ማን ይቆፍራል?

የወረዳ ዕቅድ ባለሙያ ሆኜ ስቀጠር የመጀመሪያ ሥራዬ ዕቅድ መገልበጥ ነበር። የቡድን መሪዬ ፍላሽ ሰጠችኝ። «የአምናው እዚህ አለ። ዓመተ ምሕረቱን ቀይር፣ ቁጥሮቹን አሥር አሥር በመቶ ከፍ አድርግ» አለችኝ። አደረግኩ። አስጠርዤ፣ ማህተም አስመትቼ ላክሁት። ጥቅምት ላይ ሻይ እየጠጣሁ ሳገላብጠው ገጽ 14 ላይ የወረዳው ቁጥር የእኛ አይደለም። የጎረቤታችን ነው። ለካ የአምናውም ከእነሱ ተገልብጦ የመጣ ነበር። እኔ ሳልፈው አላየሁትም። ከበላይ ያሉትም አላዩትም። ዓመቱን ሙሉ በሰው ወረዳ ዕቅድ ሠርተን አፈጻጸማችን 96 በመቶ ሆነ።

ዛሬ ስልጠና ስሰጥ የምጀምረው በዚህ ታሪክ ነው። ሰልጣኞቹ ይስቃሉ። የሳቁ ዓይነት ግን ይታወቃል፤ የራሱን ጉድ የሰማ ሰው ሳቅ ነው።

አምና ታኅሣሥ አዲስ አበባ፣ ስታዲየም አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ ለሦስት ቀን አሰለጠንኩ። ባነሩ «የተቀናጀ የከተማ ልማት ዕቅድ አዘገጃጀት» ይላል። ከሥሩ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተጽፏል። ስለ ቅንጅት በሚሰጥ ስልጠና ይህ ተረት የማይለጠፍበት ባነር አይቼ አላውቅም። ድሩ ማን እጅ እንዳለና መቼ እንደሚገመድ የሚናገር ባነርም አይቼ አላውቅም።

ሰልጣኞቹ ሠላሳ ገደማ ናቸው። መሀል ከተማውን ከሚያስተዳድሩት ክፍለ ከተሞችና ወረዳዎች፣ ከመንገድ፣ ከውሃ፣ ከመብራት፣ ከመሬት፣ ከፋይናንስ መሥሪያ ቤቶች ተውጣጥተዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ «አበሉ በቀን ስንት ነው?» የሚል ነበር። አልፈርድም። በዚህ ኑሮ፣ እኔም ሰልጣኝ ሳለሁ የጠየቅኩት እሱኑ ነው። ሁለተኛው «ሰርተፍኬት አለው ወይ?» ነው። ሦስተኛውን የጠየቀችው ከመንገድ የመጣች ወጣት ኢንጂነር ነበረች። «ከቢኤስሲያችን ጋር እንዴት ነው የሚሄደው?» አለች።

በደንብ አልመለስኩላትም። ጥያቄዋ ግን ሦስቱን ቀን አልለቀቀኝም። ቢኤስሲ ማለት ለማያውቀው፣ የመሥሪያ ቤቱ ግብ ከላይ ወደ ታች እየተከፋፈለ፣ በእኛ ቋንቋ «ካስኬድ» እየተደረገ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ ጋ የሚደርስበት መንገድ ነው። ውሃው ስንት ኪሎ ሜትር መስመር ዘረጋ ተብሎ ይመዘናል። መንገዱ ስንት ኪሎ ሜትር አስፋልት አነጠፈ ተብሎ ይመዘናል። አስፋልቱ በተነጠፈ በስንተኛው ወር ተቆረጠ የሚል መለኪያ ግን የማንም ቅጽ ላይ የለም። እንዲያውም ተቆርጦ ሲጠገን ጥገናው ራሱ ክንውን ሆኖ ይመዘገባል። አንድ መንገድ ሁለቴ ተቆፍሮ ሦስት መሥሪያ ቤት ሊያስመሰግን ይችላል።

የመጀመሪያውን ቀን ደቡብ አፍሪካን ይዤ ገባሁ። የዚህ ዓይነቱ ዕቅድ ስም ሲነሳ እነሱን መዝለል አይቻልም። የአፓርታይድ ከተማ ሆን ተብሎ የተከፋፈለ ነበር። የነጩ ሰፈር ቧንቧውም መንገዱም የተሟላ፣ የጥቁሩ ሰፈር ሩቅና ባዶ። ያንን መስፋት ስለነበረባቸው እ.ኤ.አ. በ2000 የማዘጋጃ ቤቶች ሥርዓት ሕግ አወጡ። እያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት አንድ የተቀናጀ የልማት ዕቅድ እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል። ዕቅዱ ከምክር ቤቱ የ5 ዓመት ዘመን ጋር ይሄዳል፣ በየዓመቱ ይከለሳል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የፋይናንስ ሕግ ደግሞ ገንዘቡን ከዕቅዱ ጋር አሰረው። በጀት በጸደቀ በ28 ቀን ውስጥ ከንቲባው የየሩብ ዓመቱን ግብ የሚያሳይ የማስፈጸሚያ ዕቅድ ማጽደቅ አለበት።

ከውሃ የመጡ አንድ ሰው ነበሩ። ጡረታቸው የደረሰ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጋሼ እጃቸውን አወጡ።

«እና እነሱ ቧንቧውን ከአስፋልቱ በፊት ነው የሚቀብሩት?»

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ እውነቱን ነገርኳቸው። ደቡብ አፍሪካ 257 ማዘጋጃ ቤቶች አሏት። በ2022/23 የበጀት ዓመት ንጹህ ኦዲት ያገኙት 34 ብቻ ናቸው። ሕጉ አለ፣ ቅጹ አለ፣ ዕቅዱም በየድረ ገጹ ተጭኗል። ቧንቧው ግን ብዙ ቦታ ያንጠባጥባል። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁና መነጽራቸውን መለሱ። ከሰዓት በኋላ ሰው እንቅልፍ ጣለው። ፓወርፖይንቱ 84 ስላይድ ነበረው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

በነጋታው ፕሮጀክተሩን ዘጋሁትና ሚኒባስ ይዘን ማዘጋጃ ቤት ወጣን።

ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ቆሞ ወደ ታች ለሚያይ ሰው ከተማዋ ፕላን እንዳላጣች ይገባዋል። ሕንጻውን የነደፈው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው፣ አፍሪካ አዳራሽን የሠራው ጣሊያናዊ። ከማዘጋጃ ቤት ለገሃር ድረስ ቀጥ ብሎ የሚወርደውን መስመር የከተማዋ አከርካሪ እንዲሆን በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጨረሻ ያቀደው ፈረንሳዊው ደ ማሪየን ነው። ከእሱ በፊት ለንደንን ያቀደው አበርክሮምቢ መጥቶ ነበር። ከእሱ በፊት ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የራሳቸውን አስቀምጠዋል። በ1978 ከጣሊያኖች ጋር የተሠራ ማስተር ፕላን አለ። በ1990ዎቹ የከለሰው አለ። አሁን የምንሠራበት መዋቅራዊ ፕላን ከ2009 ጀምሮ ለ10 ዓመት የታሰበ ነው፤ ጊዜው እያለቀ ነው።

ይህን ሁሉ እየተረኩ ቁልቁል ወረድን። ትልቁ መንገድ ያምራል። ዋናውን ትተን ወደ አንድ የጎን መንገድ ታጠፍን። እዚያ ነው የፈለግኩት። ለእያንዳንዱ ሰው ነጭ ወረቀት ሰጠሁ። «ከዚህ ሱቅ እስከዚያ በር ያለውን የማንሆል ክዳን ቁጠሩ፤ የማን እንደሆነም ጻፉ» አልኳቸው።

60 እርምጃ የማይሞላ መንገድ ነው። 11 ክዳን ተቆጠረ። አንዳንዱ ክብ፣ አንዳንዱ አራት ማዕዘን፣ አንዱ ብረቱ ተሰርቆ በድንጋይ የተከደነ። አስፋልቱ ድሪቶ ነው። ጥቁሩ አዲስ፣ ግራጫው አሮጌ፣ መሀል ላይ በሲሚንቶ የተለሰነ ረጅም ጠባሳ። ጋሼ ጎንበስ ብለው እንደ ዳዊት ደጋሚ አንብበውታል። «ይቺ የእኛ ናት፣ የድሮዋ። ይቺ የስልክ። ይቺ የመብራት። ይቺን አላውቃትም።» ያቺን ማንም አላወቃትም። ስድስት መሥሪያ ቤት ቆሞ አንዲት ክዳን አፈጠጠባት።

ጥግ ላይ የተቀመጠ ሊስትሮ ብሩሹን ሳያቆም «የፍሳሽ ናት» አለ። «ክረምት ትፈነዳለች።»

ስንት ጊዜ ነው ይህ መንገድ የተቆፈረው ብዬ ጠየቅኩት። ማሰብ አላስፈለገውም። አራት ጊዜ አለ። አንዱ የፋሲካ ሰሞን፣ አንዱ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ አንዱ እሱ ቦታውን ከጓደኛው ከተረከበ በኋላ፣ አንዱ ደግሞ «ሌሊት ነው የቆፈሩት፣ ጠዋት ስመጣ መቀመጫዬ ጉድጓድ ሆኗል።» ያንን ዕለት ባለሱቁ ደጅ ላይ ነው የዋለው። ልጁ የነገረንን ሁሉ አዳራሽ ውስጥ ከነበረ ሰነድ አንዱም አልያዘውም። አንዲት እናት ፌስታል ይዘው ሲያልፉ ወረቀታችንን አዩና «ደግሞ እናንተ ምን ልትቆፍሩ ነው?» አሉ። መልስ የሰጠ የለም።

ስለ ሕዝብ ተሳትፎ ካነሳሁ አይቀር፣ የምናውቀው ተሳትፎ ምን እንደሚመስል የታወቀ ነው። የሚጠሩት ሁሌ እነዚያው ናቸው። ወንበር ይደረደራል፣ ውሃና ለስላሳ ይታደላል፣ ሰው ይፈርማል፣ ፎቶ ይነሳል። ሊስትሮው አይጠራም። ቢጠራም አይመጣም፤ የቀን ገቢውን ማን ይሰጠዋል?

ሻይ ሰዓት ላይ ከመሬት የመጣ አንድ ልጅ ጠጋ ብሎ «የተቀናጀ የምትለዋን ቃል ባትበዛ ጥሩ ነው» አለኝ። ወዲያው ገባኝ። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያለውን የኦሮሚያ ልዩ ዞን የሚያቅፈው ማስተር ፕላን ስሙ «የተቀናጀ» ነበር። በ2006 ተቃውሞ ተነሳበት፣ በ2008 እንደገና ተቀሰቀሰ፣ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ። ጥር 2008 ላይ ተሰረዘ። የከተማ ፕላን አዋጁ፣ ቁጥር 574/2000፣ ፕላን ሲዘጋጅ ነዋሪው እንዲመክርበት ያዛል። እዚያ ግን መሬቱ የሚነካበት ገበሬ ከመስማቱ በፊት ካርታው አልቆ ነበር። ስለዚህ ይህ ቃል አንዳንድ ሰው ጆሮ ሲገባ እንደ ባነሩ ጽሑፍ ለስላሳ አይደለም። ከዚያ በኋላ በስልጠናዎቼ «አብሮ ማቀድ» ማለት ጀምሬያለሁ። ረዘም ያለ ነው፣ ግን ሰው አይሸማቀቅም።

ከሰዓት በኋላ ነው ዋናው ነገር የመጣው።

የፍሊፕ ቻርት ወረቀት ቀጣጥለን ግድግዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሸፈንነው። ከሐምሌ እስከ ሰኔ ወሮቹን ጻፍን። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱ ቀለም ያለው ስቲከር ይዞ ያቺን የጎን መንገድ መቼ እንደሚነካት ይለጥፋል። በቃ። ሌላ ጥያቄ የለም።

መጀመሪያ የታየው የሁላችንም ዓመት ጠማማ መሆኑ ነው። የበጀት ዓመታችን የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፣ ዝናቡ እየወረደ። ገንዘብ አለ፣ ቁፋሮ የለም። መስከረምና ጥቅምት በጨረታ ያልቃል። ውል ሲፈረም ኅዳር ነው። ደረቅ ወራት ይገኛሉ፤ ከዚያ የበልግ ዝናብ ይመጣል፣ ከዚያ ግንቦት። ሰኔ ላይ ክረምቱም የበጀት መዝጊያውም አብረው ይደርሳሉ። ሰኔ 30 ያልተጠቀምክበት ገንዘብ ተመላሽ ነው። ለዚህ ነው ከተማው ሰኔ ሲደርስ እንደ ፍልፈል ቤት የሚሆነው። ሰው ሙስና ነው ይላል፤ ሙስናም ይኖርበታል፤ ካሌንደሩ ግን ብቻውን ይበቃል።

ቢጫው የመንገዱ ስቲከር የካቲት ላይ ተለጠፈ። ሰማያዊው የውሃው ስቲከር ሚያዝያ ላይ። ማለትም አስፋልቱ በተነጠፈ በሁለት ወሩ ይቆረጣል። ሁሉም አየው። ዝም ተባለ።

«ጋሼ፣ ለምን ጥር ላይ አይቀብሩም?» አለች ኢንጂነሯ።

«ልጄ፣ ቧንቧው ሚያዝያ ነው የሚገባልኝ። ግዥው ዘግይቷል። በምን ልቅበር?»

«እኔ ደግሞ እስከ ሚያዝያ ከጠበቅኩ ዝናብ ይይዘኛል። ሰኔ ካለፈ በጀቴ ተመላሽ ነው። ዓመቱን ሙሉ ምን ስትሠሪ ነበር ይሉኛል።»

ሁለቱም ልክ ናቸው። ያስጨነቀኝም እሱ ነው። አንደኛቸው ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር።

ልጅቷ ግን አልተወችውም። ማርከር አነሳችና መንገዱን አቋርጦ የሚያልፍ ባዶ ቱቦ ሣለች። አስፋልት ከመነጠፉ በፊት በየተወሰነ ርቀት ባዶ ቱቦ ይቀበራል፣ ጫፉ በምልክት ይተዋል። ጋሼ ቧንቧቸው ሲመጣ በዚያ ውስጥ ያሾልኩታል። አስፋልቱ አይነካም። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ቀርበው አዩት። «ስፋቱን ጨምሪው» አሉ። ጨመረችው። «አዎ፣ ይሄ ይሠራል።»

ሰው ማጨብጨብ ጀመረ። እስከዚያች ሰዓት ድምፅዋ ያልተሰማ አንዲት የፋይናንስ ባለሙያ ከኋላ ሆና «ባዶው ቱቦ በማን በጀት ነው የሚገዛው?» አለች።

ጭብጨባው ቆመ። የመንገዱ በጀት የውሃ ቱቦ አይገዛም። የውሃው በጀት ለዚያ መንገድ ዘንድሮ ገንዘብ የለውም። የወረዳው አቅም የለውም። ለመቁረጥና ለመጠገን ግን በጀት አለ፣ የጥገና ተብሎ በየዓመቱ ይያዛል። ትንሹን ወጪ የሚከፍል ጠፍቶ ትልቁን የሚከፍል ሞልቷል። ሴትዮዋ ቀጠለች፣ ተረጋግታ። «ዲዛይኑ ላይ ከመጀመሪያው ገብቶ ቢሆን የመንገዱ ሥራ አካል ነው፤ እኔም ያለ ጥያቄ እከፍላለሁ። አሁን ግን ዲዛይኑ አልቋል።»

ዲዛይኑ መቼ ነው ያለቀው? አምና። በጀቱ መቼ ነው የተጠየቀው? የዚያው ዓመት አጋማሽ ላይ፣ የበጀት ጥሪ፣ ማለትም የመጪውን ዓመት ገንዘብ ጠይቁ የሚለው ወረቀት፣ ሲመጣ። ያኔ ጋሼ የት ነበሩ? ቢሯቸው፣ የራሳቸውን ቅጽ እየሞሉ። ልጅቷስ? የራሷን። መንገዱ ላይ የተጋጩ የመሰለን ሁለት ሰዎች የተላለፉት ከዓመት በፊት ነው፤ በአንድ ሳምንት፣ ምናልባት በአንድ ቀን፣ በሁለት ፎቅ ላይ።

እኔ አሠልጥኜ አሠልጥኜ የማውቀው ይህን ነው። ተቀናጅቶ ማቀድ የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ የሚሞከረው ቁፋሮው ሲጀመር ነው። ያኔ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ግልባጭ ለስድስት ቦታ ይደረጋል። በ2006 መሠረተ ልማትን የሚያስተባብር የፌደራል ኤጀንሲ በአዋጅ እስከ መቋቋም ተደርሷል። ነገሩ የሚወሰንበት ሰዓት ግን የበጀት ጥሪው ወረቀት ጠረጴዛ ላይ የሚያርፍበት ሳምንት ነው። ያኔ ጋሼና ልጅቷ አንድ ካርታ ላይ ካልተቀመጡ የኋላው ስብሰባ ሁሉ ሻይና ብስኩት ነው።

ከ2016 ወዲህ የተሠሩት ኮሪደሮች አንድ ነገር አሳይተውናል። አንድ አዛዥ፣ አንድ ካርታና አንድ የጊዜ ገደብ ካለ መስመሩ ሁሉ አብሮ ከመሬት በታች ይገባል፤ ቴክኒኩ አያቅተንም። በሌላ በኩል ደግሞ ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሳ ሰው ቤት ብቻ አይደለም የሚጎድለው። ልጁ የሚማርበት፣ እናቱ ጉሊት የምትዘረጋበት፣ ዕቁቡና ዕድሩ ነበሩ። እነዚያ የየትኛው መሥሪያ ቤት ስቲከር ናቸው? ግድግዳው ላይ ቀለም አልሰጠናቸውም ነበር። ከሰልጣኞቹ አንዱ እስኪያነሳው ድረስ እኔም አላሰብኩትም።

ሦስተኛው ቀን ሰርተፍኬት ነበር። ቡድን ፎቶ፣ ንግግር፣ ምሳ። ልጅቷ «ቁፋሮ» የሚል የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተች። ግድግዳው ላይ የነበረውን ወረቀት ሊጥሉት ሲሉ ጋሼ «አምጡት» ብለው አጣጥፈው ብብታቸው ሥር ያዙት።

ግሩፑ ለሁለት ወር እንደ ጉድ ሠራ። «ነገ በዚህ በኩል እንቆፍራለን፣ ምን አለ ከሥር?» የሚል መልእክት ገብቶ በአሥር ደቂቃ መልስ ሲገኝ ዓይቻለሁ። በደብዳቤ ቢሆን ሁለት ሳምንት ነበር። ከዚያ የበዓል መልካም ምኞት በዛ። ከዚያ አንድ ሰው የመኪና ሽያጭ ማስታወቂያ ለጠፈ። ከዚያ ልጅቷ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወረች፤ ግሩፑም ጸጥ አለ።

ዘንድሮ የካቲት ጋሼ ደወሉልኝ።

«የበጀት ጥሪው ወጥቷል» አሉኝ። ሰላምታም አላስቀደሙም። «በልጅቷ ቦታ የገባውን ልጅ ስልክ ታውቀዋለህ?»

አላውቀውም አልኳቸው። ቢሯቸው ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ብቻ ነገርኳቸው። ሊፍቱ እንደማይሠራም ነገርኳቸው፣ ጉልበታቸውን ስለማውቅ።

«ምን ችግር አለው፣ እያረፍኩ እወጣለሁ» አሉ። በስልኩ ውስጥ የወረቀት መንኮሻኮሽ ይሰማል። «ብቻ ይሄን የግድግዳ ወረቀት የት ላይ እንደምዘረጋለት ነው። የእነሱ ቢሮ ትልቅ ጠረጴዛ አለው?»